መብራት ሲመለስ ማከማቻውን ያጣ የሙዚቃ ሰርቨር

ጥያቄ፦ «የአባቴን ካሴቶችና ሸክላዎች ወደ ዲጂታል ገልብጬ፣ ከሲዲዎቹ ጋር አንድ ላይ፣ ባለሁለት ዲስክ በሆነ የሲኖሎጂ የኔትወርክ ማከማቻ ላይ አኑሬአለሁ። ሙዚቃውን የሚያጫውተው ራስበሪ ፓይ 4 በተባለች ትንሽ ኮምፒዩተር ላይ የተጫነ ላይሪየን ሚውዚክ ሰርቨር ነው። ሁለቱም ዩፒኤስ ላይ ስለተሰኩ ላለፈው አንድ ዓመት ጠፍተው አያውቁም ነበር። ባለፈው ሳምንት ግን መብራት ሌሊቱን ሙሉ ሄዶ ባትሪው አለቀ። መብራት ሲመጣ ሁለቱም ተነሡ፤ ሰርቨሩ ግን ማከማቻውን ማግኘት አልቻለም፣ የዘፈኖቹም ዝርዝር ባዶ ሆነ። በላፕቶፔ ስገባ ማከማቻው ይታያል፣ ዘፈኖቹም ይከፈታሉ። አንድ ጓደኛዬ ‹የድሮውን የፋይል ማጋሪያ ፕሮቶኮል፣ ኤስኤምቢ 1ን፣ አብራው› አለኝ፣ ሌላው ደግሞ ራውተሩ ላይ ፖርት እንድከፍት መከረኝ። ሁሉንም አጥፍቼ እንደገና ልጫን?»

ምላሽ፦

እንደገና መጫን አያስፈልግም። በተለይም ሰርቨሩ ላይ ያለውን «ሁሉንም አጥፍተህ እንደ አዲስ ቃኝ» የሚለውን ትእዛዝ ጉዳዩ እስኪጣራ ድረስ አይንኩት። ዝርዝሩ ባዶ የሆነው ሰርቨሩ ባዶ ማህደር እያየ ስለሆነ ነው፤ ዘፈኖቹ አልጠፉም። ፓይው በሚሠራበት በሊኑክስ የኔትወርክ ዲስክ የሚያያዘው፣ በተለምዶ «ማውንት ማድረግ» በሚባለው አሠራር፣ አስቀድሞ ፓይው ላይ በተፈጠረ አንድ ተራ ማህደር ላይ ነው። ግንኙነቱ ሲኖር በማህደሩ ውስጥ የማከማቻው ይዘት ይታያል፤ ግንኙነቱ ሳይፈጠር ሲቀር ደግሞ ከሥር ያለው ባዶ ማህደር እንደ ባዶነቱ ይቀመጣል። ሰርቨሩ በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ተልኮ ያየውን በታማኝነት ይናገራል፦ «ምንም ዘፈን የለም»። በዚህ ሁኔታ ላይ እያለ እንደ አዲስ እንዲቃኝ ማዘዝ የያዘውን መዝገብ በገዛ እጅ ማስፋቅ ነው፤ እንደ ሰርቨሩ ዓይነትም ዘፈኖቹ የገቡበት ቀንና ስንት ጊዜ እንደተደመጡ የሚያሳየው ታሪክ አብሮ ሊሄድ ይችላል።

«ማከማቻውን ማግኘት» የሚለው አባባልም መፈታት አለበት፤ አራት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ጠቅልሎ ይዟልና። ማከማቻው በኔትወርኩ ላይ መኖሩን መስማት አንድ ነገር ነው፤ አድራሻው ድረስ መድረስ ሌላ ነው፤ በተጠቃሚ ስምና በይለፍ ቃል መግባት ሦስተኛው ነው፤ ይዘቱን ሰርቨሩ ሊያነበው በሚችለው ቦታና ፈቃድ ማስቀመጥ ደግሞ አራተኛው ነው። ከአራቱ አንዱ ቢጓደል ለተጠቃሚው የሚታየው ያው ባዶ ዝርዝር ነው። የእያንዳንዱ መፍትሔ ግን ለየቅል ስለሆነ፣ የትኛው እንደተጓደለ ሳይለዩ መፍትሔ መሞከር ያልተበላሸውን ወደ ማበላሸት ያመራል። ጓደኞችዎ የሰጡዎት ሁለት ምክሮች የዚህ ዓይነት ናቸው፤ በኋላ እመለስባቸዋለሁ።

ላፕቶፕዎ ማከማቻውን ማየቱ ጠቃሚ መረጃ ነው፤ ማከማቻው መነሣቱንና ፋይል የሚያጋራው አገልግሎት መሥራቱን ያረጋግጣል። ፓይውም ሊያየው ይገባ ነበር የሚል ድምዳሜ ግን ከዚህ አይወጣም። ላፕቶፑ በኔትወርክ ዝርዝሩ ውስጥ የሚያሳየን፣ ማከማቻው «እዚህ ነኝ» እያለ የሚያሰማውን ጥሪ ሰምቶ ነው። አሠራሩ ለእንግዳ «ቤተ ክርስቲያኑን አልፈህ ሱቁ ጋ ስትደርስ ጠይቅ» ብሎ ቤት እንደ ማመልከት ነው፤ ባለሱቁ ካለ ይሠራል፣ ሱቁ በተዘጋ ዕለት ግን እንግዳው በሩ አጠገብ ቆሞ ሳያውቀው ይመለሳል። በዚያ ላይ ላፕቶፑ ቀደም ሲል ያስገቡትን የይለፍ ቃል ይዞ ስለሚቆይ ሳይጠይቅዎት ይገባል። ፓይው ላይ ያለው ማውንት ግን ሰፈር አይጠይቅም። በተዋቀረበት ቀን የተጻፈለትን አድራሻ ወይም ስም ይዞ ይሄዳል፤ እዚያ ካጣው ስህተቱን ሎግ ላይ ጽፎ ይተዋል።

አሁን ወደ ምክንያቶቹ። በታሪክዎ ውስጥ ትልቁ ፍንጭ «ለአንድ ዓመት ጠፍተው አያውቁም» የሚለው ነው። አንድ ዓመት ያለ ችግር ሠርቷል ማለት አወቃቀሩ ትክክል ነበር ማለት አይደለም፤ እንደገና የመነሣት ፈተና አልደረሰበትም ማለት ብቻ ነው። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ራስዎን የሚጠይቁት፣ ከዓመት በፊት ማከማቻውን ያያያዙት በእጅ በተጻፈ የማውንት ትእዛዝ ነበር ወይስ ኤፍስታብ በሚባለው የሥርዓቱ ፋይል ውስጥ በማስፈር? በእጅ የተሰጠ ትእዛዝ የሚኖረው መሣሪያው እስኪጠፋ ድረስ ብቻ ነው። በእኔ ልምድ እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ይዘው ከሚመጡት መካከል ብዙዎቹ መመሪያ እያነበቡ ትእዛዙን ጽፈው፣ ሙዚቃው ሲሰማ ደስ ብሏቸው፣ የመመሪያውን የመጨረሻ አንቀጽ ሳያነቡ የተነሡ ናቸው።

ኤፍስታብ ውስጥ ሰፍሮ ከነበረ ደግሞ ቀጣዩ ተጠርጣሪ የመነሻ ሽቅድምድም ነው። መብራት ሲመጣ ሦስቱ መሣሪያዎች፣ ማለትም ራውተሩ፣ ፓይውና ማከማቻው፣ በአንድ ቅጽበት ይነሣሉ። ፓይው ብዙውን ጊዜ ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ሥራ ይጀምራል፤ የሚሽከረከሩ ዲስኮች ያሉት ማከማቻ ግን ዲስኮቹን አንቀሳቅሶ፣ የፋይል ሥርዓቱን አረጋግጦ፣ አገልግሎቶቹን አንድ በአንድ እስኪያስነሣ ብዙ ደቂቃዎች ሊወስድ ይችላል፤ በተለይ ሳይዘጋ ድንገት ከጠፋ። ፓይው ገና በሩ ሳይከፈት መጥቶ ያንኳኳል፣ መልስ ያጣል፣ ተራ የኤፍስታብ መስመር ከሆነ ደግሞ ተመልሶ አያንኳኳም። እርስዎ ጠዋት ተነሥተው በላፕቶፕ ሲገቡ ማከማቻው ከተነሣ ቆይቷል፤ ስለዚህ ሁሉም ነገር ደህና ይመስላል። ይህን ለማረጋገጥ ማከማቻው እንደበራ ፓይውን ብቻ አጥፍተው ያስነሡት። ዝርዝሩ ከተመለሰ ምክንያቱ ሽቅድምድሙ ነው፣ ሌላውን ሁሉ መመርመር አያስፈልግዎትም።

ካልተመለሰ አድራሻውን ይመልከቱ። የቤት ራውተር ለመሣሪያዎች አይፒ አድራሻ የሚያድለው ለተወሰነ ጊዜ ነው፤ ሁሉም አንድ ላይ ጠፍተው ሲነሡ ትናንት 192.168.1.20 የነበረው ማከማቻ ዛሬ 192.168.1.23 ሊሆን፣ የድሮው ቁጥር ደግሞ ለአንድ ስልክ ሊሰጥ ይችላል። ፓይው በድሮው ቁጥር ስልኩን እያንኳኳ ነው ማለት ነው። ራውተሩ ዘግይቶ በመነሣቱ አድራሻ ያልደረሰው መሣሪያ ብዙ ጊዜ በ169.254 የሚጀምር አድራሻ ለራሱ ይሰጣል፤ ይህን ቁጥር በየትኛውም መሣሪያ ላይ ካዩ ያ መሣሪያ ከራውተሩ ጋር እንዳልተነጋገረ ይወቁ። ሌላም አለ፦ የኢንተርኔት አቅራቢው በሰጠው ሳጥን ላይ የራስዎን ራውተር ጨምረው ከሆነ፣ ቤትዎ ውስጥ ሳያውቁት ሁለት ኔትወርኮች ይኖራሉ፤ አንዱ በ192.168.1፣ ሌላው በ192.168.0 ሊጀምር ይችላል። ዋይፋይ የሚጠቀም መሣሪያ ሲነሣ ከሁለቱ አንዱን ስለሚመርጥ፣ ላፕቶፑና ማከማቻው በአንደኛው ኔትወርክ፣ ፓይው በሌላው ሊቀመጡ ይችላሉ። «ለእንግዶች» የሚባለው ዋይፋይም ሆን ተብሎ መሣሪያዎች እርስ በርስ እንዳይተያዩ ስለሚከለክል ለዚህ ሥራ አይሆንም።

በሲኖሎጂ ማከማቻ ላይ ሌላ የታወቀ ምክንያት አለ፤ የተመሰጠረ የጋራ ማህደር፣ ቁልፉ በራሱ እንዲከፍት ካልተዋቀረ በቀር፣ መሣሪያው ሲነሣ እንደተቆለፈ ይቆያል። በእርስዎ ዘንድ ግን ላፕቶፑ ዘፈኖቹን ስለከፈተ ይህ ይወድቃል። የጠቀስኩት ተመሳሳይ ችግር ገጥሟቸው ላፕቶፓቸውም ባዶ ለሚያሳያቸው አንባቢዎች ነው።

ምርመራው ከፓይው ላይ ሆኖ እንጂ ከላፕቶፑ ሆኖ አይደረግም። መጀመሪያ ከራውተሩ ገጽ ላይ የማከማቻውን የአሁኑን አድራሻ ይመልከቱና ከፓይው ላይ ፒንግ ያድርጉ፤ ይህ መሣሪያው መልስ ይሰጥ እንደሆነ የሚጠይቅ ትእዛዝ ነው። መልስ ካለ መንገዱ ክፍት ነው፤ ከሌለ ስለ ይለፍ ቃልና ስለ ፕሮቶኮል ማሰብ ጊዜ ማባከን ነው፣ ኬብሉንና ዋይፋዩን ይመልከቱ። ፒንግ ከሠራ አድራሻውን በቁጥር አስገብተው ማውንቱን በእጅ ይሞክሩና የሚመጣውን የስህተት ቁጥር ይጻፉ፤ ቁጥሩ ከጎኑ ከተጻፈው ቃል ይልቅ ታማኝ ነው። 113 ከሆነ ወደዚያ አድራሻ የሚወስድ መንገድ የለም። 110 ወይም 115 ከሆነ ጥሪው መልስ ሳያገኝ ቀርቷል፣ ብዙ ጊዜ አድራሻው የተሳሳተ ነው ወይም ፖርት 445ን ፋየርዎል ዘግቶታል። 111 ከሆነ መሣሪያው አለ፣ ፋይል የማጋራት አገልግሎቱ ግን አልተነሣም። 13 ከሆነ በሩ ድረስ ደርሰዋል፣ ስሙ ወይም የይለፍ ቃሉ ወይም ፈቃዱ ነው ያልተቀበለዎት። 2 ከሆነ ገብተዋል፣ የጠሩት የጋራ ማህደር ግን በዚያ ስም የለም። ብዙ ሰው የሚያሳስተው 112 ነው። ቃሉ «ማሽኑ ጠፍቷል» ይላል፤ ማሽኑ ግን አብዛኛውን ጊዜ በርቷል፣ ሁለቱ ወገኖች በየትኛው የኤስኤምቢ ስሪት እንደሚነጋገሩ መስማማት ያቃታቸው ናቸው። ዝርዝሩ የከርነሉን፣ ማለትም የሊኑክስን እምብርት፣ መልእክት በሚያሳየው ዲሜሴጅ በተባለው ትእዛዝ ይገኛል። ስለ 13 አንድ ነገር ልጨምር፦ የይለፍ ቃልዎ ውስጥ የላቲን ኮማ ካለ፣ የማውንት ትእዛዙ አማራጮቹን የሚለያያቸው በኮማ ስለሆነ ቃልዎን ለሁለት ይቆርጠዋል። የይለፍ ቃሉን በተለየ ፋይል ማስቀመጥ ይህንንም ያስወግዳል፣ ምሥጢሩንም ይጠብቃል።

ማውንቱ ተሳክቶ፣ እርስዎም በተርሚናል ዘፈኖቹን እያዩ፣ ሰርቨሩ ግን አሁንም «ባዶ ነው» ካለ ጉድለቱ ከላይ ከዘረዘርኳቸው አራተኛው ላይ ነው። ላይሪየን ዴብያን በተባለው የሊኑክስ ዓይነት ላይ የሚሠራው ስኩዊዝቦክስሰርቨር በሚባል የራሱ ተጠቃሚ ስም ነው። በዋናው አስተዳዳሪ ስም የተያያዘ ማህደር ለሌላ ተጠቃሚ የማንበብ ፈቃድ ካልሰጠ፣ እርስዎ የሚያዩትን ሰርቨሩ አያየውም። ሰርቨሩን በዶከር ውስጥ፣ ማለትም ፕሮግራምን ኮንቴይነር በሚባል በተነጠለ ክፍል ውስጥ በሚያስቀምጠው መሣሪያ፣ የሚያሠሩ ሰዎች ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለባቸው፦ ኮንቴይነሩ ከማውንቱ ቀድሞ ከተነሣ ከሥር ያለውን ባዶ ማህደር ይዞ ይቀራል፣ በኋላ ማውንቱ ቢሳካም አያየውም። መድኃኒቱ ኮንቴይነሩን አጥፍቶ ማስነሣት ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ጓደኛዎ ምክር ላይ እንምጣ። ኤስኤምቢ 1ን አያብሩ። ይህ ስሪት በግንቦት 2017 እ.ኤ.አ. ዋናክራይ የተባለው ቤዛ ጠያቂ ቫይረስ በዓለም ዙሪያ የተዛመተበት ቀዳዳ ነው፤ ማይክሮሶፍት ማረሚያውን ያወጣው ከዚያ ሁለት ወር ቀደም ብሎ በመጋቢት ነበር፣ ያልጫኑት ናቸው የተጠቁት። በዚያው ዓመት የሊኑክስ ከርነል ከስሪት 4.13 ጀምሮ በነባሪ በኤስኤምቢ 1 መነጋገሩን ተወ፣ ዊንዶውስ 10ም በመጸው ዝማኔው በአዲስ ጭነት ላይ አብሮ መጫኑን አቆመ፤ በሊኑክስ ላይ በኤስኤምቢ ፋይል የሚያጋራው ሳምባ የተባለው ፕሮግራምም በ2019 እ.ኤ.አ. በስሪት 4.11 ተከተላቸው። የምክሩ ምንጭ ይገባኛል። የድሮው የዊንዶውስ የኔትወርክ ዝርዝር በዚህ ስሪት ላይ የተመረኮዘ ስለነበር፣ ሲወገድ የብዙ ሰው ማከማቻ ከዝርዝሩ ተሰወረ፤ አድራሻውን በቁጥር ቢጽፉት ግን ይከፈት ነበር። ችግሩ የመስማት እንጂ የመድረስ አልነበረም። የእርስዎ ማከማቻ ኤስኤምቢ 3ን የሚያውቅ ከሆነ፣ ባለፉት ዓመታት የተሸጡት ሁሉ ያውቃሉ፣ ወደ ኋላ የሚመለሱበት ምንም ምክንያት የለም። ከኤስኤምቢ 1 ሌላ የማያውቅ እጅግ ያረጀ ማከማቻ ያለው አንባቢ ቢኖር፣ መሣሪያው ኤንኤፍኤስ የተባለውን ሌላ የፋይል ማጋሪያ ፕሮቶኮል የሚደግፍ ከሆነ ወደዚያ ይዙር፣ ካልሆነም ዲስኩን አውጥቶ ሌላ ቤት ይስጠው።

የሁለተኛው ጓደኛዎ ምክር ከዚህም የከፋ ነው። ፓይውና ማከማቻው በአንድ ቤት ውስጥ ሲነጋገሩ ወሬያቸው ወደ ውጭ በሚያወጣው የራውተሩ በር አያልፍም፤ ስለዚህ ያንን በር መክፈት ችግርዎን በፍጹም ሊፈታ አይችልም። ሊያደርግ የሚችለው ማከማቻውን ለመላው ዓለም ማሳየት ነው። በጥር 2022 እ.ኤ.አ. ዴድቦልት የተባለው ቤዛ ጠያቂ ቫይረስ ኪውናፕ በተባለ ኩባንያ የተሠሩና ለኢንተርኔት የተጋለጡ ማከማቻዎችን እየፈለገ ፋይሎቻቸውን ቆልፏል። የአባትዎ ካሴቶች ዳግም የማይገኙ ከሆነ ይህን አደጋ ለከንቱ አይግቡበት። ፖርቱን ከፍተውት ከነበረ አሁኑኑ ይዝጉት።

የአማርኛ ስብስብ ላለው ሰው የሚገጥም፣ በእንግሊዝኛ መመሪያዎች ውስጥ ግን እምብዛም የማይነሣ ጉዳይ አለ፤ የፋይል ስሞች። ማውንቱ በተሳሳተ የፊደል አቀማመጥ ከተደረገ የግእዝ ፊደላት በሙሉ ወደ ጥያቄ ምልክት ይለወጣሉ፤ ሰርቨሩም ፋይሉን በዚያ ስም ሊከፍት ሲሞክር ስለሚያጣው ይዘለዋል። ውጤቱ እንግዳ ነው፦ የውጭ ዘፈኖቹ ሁሉ ይታያሉ፣ የአገር ቤቶቹ ብቻ የሉም። አይኦቻርሴት የሚባለውን የማውንት አማራጭ ዩቲኤፍ 8 ማድረግ ይፈታዋል። ሁለተኛ፣ በሊኑክስ የአንድ ፋይል ስም ከ255 ባይት መብለጥ አይችልም። አንድ የላቲን ፊደል 1 ባይት ሲፈጅ አንድ የግእዝ ፊደል 3 ይፈጃል፤ ስለዚህ ለእኛ ወሰኑ 85 ፊደል ነው። በሲኖሎጂ የተመሰጠረ የጋራ ማህደር ውስጥ ደግሞ ወሰኑ ወደ 143 ባይት፣ ማለትም ወደ 47 የግእዝ ፊደል ይወርዳል። የዘፋኙን፣ የባንዱን፣ የዜማ ደራሲውንና የካሴቱን ገጽ ሁሉ በፋይሉ ስም ውስጥ የሚያሰፍር ሰው ይህን በቀላሉ ያልፈዋል። የዚህ መረጃ ቦታው ታግ የሚባለው፣ በፋይሉ ውስጥ የሚጻፍ መግለጫ ነው። ሦስተኛ፣ የጋራ ማህደሩን ስም ራሱን በላቲን ፊደል፣ አጭርና ያለ ክፍተት ቢያደርጉት እመክራለሁ፤ ውስጡ ያለው ሁሉ አማርኛ ቢሆን ምንም አይደለም፣ የበሩ ስም ግን በተርሚናልና በኤፍስታብ ውስጥ የሚጻፍ ነው። በነገራችን ላይ፣ ለኮምፒዩተር «ገሠሠ» እና «ገሰሰ» ሁለት ሰዎች ናቸው። ዝርዝሩ ሲመለስ የጥላሁን ዘፈኖች ለሁለት ተከፍለው ካገኟቸው ማከማቻውን አይውቀሱ፤ ታጎቹን ሲጽፉ ፊደሉ ተዘበራርቆብዎት ነው።

አማራጮችን በተመለከተ፣ ከኤስኤምቢ ወደ ኤንኤፍኤስ መቀየር ይቻላል። ኤንኤፍኤስ ለፓይው ቀለል ይላል፣ ከሊኑክስ የፈቃድ አሠራርም ጋር ይስማማል፤ በተለመደው አወቃቀሩ ግን የይለፍ ቃል አይጠይቅም፣ የሚያምነው የአይፒ አድራሻንና የተጠቃሚ ቁጥርን ነው። አድራሻው ከተለወጠ ስለሚከለክል የሽቅድምድሙንም ሆነ የአድራሻውን ችግር አይፈታም። ዲስክን በቀጥታ ፓይው ላይ መሰካትም አለ፤ ኔትወርኩ ከጉዳዩ ይወጣል፣ ነገር ግን ፓይ 4 በዩኤስቢ በሮቹ ሁሉ በድምሩ የሚሰጠው 1.2 አምፒር ብቻ ስለሆነ ሁለት ዲስክ ከሰኩ የራሱ ኃይል ያለው ሃብ ያስፈልግዎታል። ሦስተኛው ሰርቨሩን ራሱን ማከማቻው ላይ ማሠራት ነው። ማከማቻዎ ኮንቴይነር የሚያሠራ ሞዴል ከሆነና በቂ ሜሞሪ ካለው ይህ ከሁሉ የተስተካከለው አሠራር ነው፤ ደካማ ፕሮሰሰር ባለው ሞዴል ላይ ግን ትልቅ ስብስብ መቃኘት አሰልቺ ነው። የኔትወርክ ፍጥነትን ግን ከተጠርጣሪዎች ያውጡት። ያልታመቀ የሲዲ ድምፅ በሰከንድ 1,411 ኪሎቢት ብቻ ነው፤ ደካማ ዋይፋይ እንኳ ይሸከመዋል። ፍጥነት ሲጎድል ሙዚቃ ይቆራረጣል እንጂ ማከማቻ አይጠፋም።

የእኔ ምክር ያሉዎትን መሣሪያዎች እንዳሉ ይዘው፣ ሰርቨሩ ማከማቻውን «እንዲፈልግ» ማድረግዎን ትተው ያለበትን ቦታ እንዲነግሩት ነው። ራውተሩ ላይ ለማከማቻው ቋሚ አድራሻ ያስይዙለት፤ ለፓይውም እንዲሁ። ማከማቻው ላይ የሙዚቃውን ማህደር ብቻ፣ ያውም ማንበብ ብቻ የሚችል አንድ አዲስ ተጠቃሚ ይፍጠሩ። የአስተዳዳሪውን ስም ለዚህ ሥራ መጠቀም፣ ፓይው አንድ ቀን ቢጠለፍ መላውን ማከማቻ አሳልፎ መስጠት ነው። የተጠቃሚውን ስምና የይለፍ ቃል ዋናው አስተዳዳሪ ብቻ በሚያነበው ፋይል ውስጥ ያስቀምጡ። ከዚያ ማውንቱን ኤፍስታብ ውስጥ በቁጥር አድራሻ ያስፍሩት፤ ስሪቱን 3.0፣ ፊደሉን ዩቲኤፍ 8፣ ባለቤቱን ስኩዊዝቦክስሰርቨር፣ ፈቃዱን ማንበብ ብቻ ያድርጉት። በአማራጮቹ ላይ «ኖፌይል» የሚለውን ይጨምሩ፣ ማከማቻው ባይኖር ፓይው ከመነሣት እንዳይታገድ። ከሁሉ በላይ ደግሞ በሊኑክስ አገልግሎቶችን የሚያስነሣውን የሲስተምዲን አውቶማውንት ይጨምሩ። ይህ አማራጭ ሲኖር ፓይው በመነሻው ላይ አንዴ አንኳኩቶ ከመተው ይልቅ፣ ማህደሩ በተነካ ቁጥር ግንኙነቱን ይሞክራል፤ ማከማቻው ከአሥር ደቂቃ በኋላ ቢነሣም ያን ጊዜ ይያያዛል። ሌላም ጥቅም አለው፦ ማከማቻው ሳይኖር ሰርቨሩ ማህደሩን ቢነካ የሚመለስለት ስህተት ነው፣ ባዶ ማህደር አይደለም። ስህተት የደረሰው ሰርቨር ያውቃል፤ ባዶ ማህደር ያየ ሰርቨር ግን ይታለላል። የሰርቨሩን የዘፈን ምርጫ ዝርዝሮች የሚያስቀምጥበት ማህደር፣ መጻፍ ስለሚፈልግ፣ ፓይው ላይ ይሁን።

ዩፒኤሱ መሣሪያዎቹን ማቆየቱ ጥሩ ነው፤ ባትሪው ሲያልቅ ግን ማከማቻው እየሠራ ድንገት ጠፍቷል፣ ይህም ለዲስኮቹ ከማንኛውም የማውንት ችግር የባሰ ነው። ዩፒኤሱ የዩኤስቢ ገመድ ካለው ከማከማቻው ጋር ያገናኙት፤ ሲኖሎጂ የባትሪውን መጠን እያነበበ ሳያልቅ በሥርዓት ይዘጋል፣ በኔትወርክም ለፓይው ሊያስታውቀው ይችላል። መብራት ሲመለስ በራሱ እንዲነሣ የሚያደርገው አማራጭ በሃርድዌርና ኃይል ገጹ ላይ አለ። ሁለቱ ዲስኮች አንዱ የሌላው ግልባጭ ቢሆኑም እንኳ መጠባበቂያ ቅጂ አይደሉም፤ የተሰረዘ ፋይል ከሁለቱም ይሰረዛል፣ የተቆለፈም ከሁለቱም ይቆለፋል። ከካሴት የተገለበጠውን ክፍል ቢያንስ በአንድ ተነቃይ ዲስክ ላይ ገልብጠው ከቤት ውጭ ያስቀምጡ። ሲዲ እንደገና ይገለበጣል፤ ሃምሳ ዓመት የቆየ ካሴት ግን በድጋሚ ሲሞከር እንደ መጀመሪያው ላይሰማ ይችላል።

ሁሉን ካዋቀሩ በኋላ ፈተናውን ሌሊት መብራት እስኪሄድ አይጠብቁ። በመጀመሪያ ፓይውን ብቻ አጥፍተው ያስነሡ። ቀጥሎ ፓይውንና ማከማቻውን በሥርዓት ዘግተው፣ ፓይውን ቀድመው ያብሩትና ማከማቻውን ከአምስት ደቂቃ በኋላ። በመጨረሻ ራውተሩን ጨምረው ሦስቱንም አንድ ላይ ያስነሡ። በሦስቱም ጊዜ ማህደሩ ውስጥ ዘፈኖቹ መኖራቸውን ከተርሚናል ላይ ካዩ በኋላ ሰርቨሩን «አዲስና የተለወጠ ብቻ ፈልግ» በሚለው ትእዛዝ ያስቃኙት። ከሦስቱ በአንዱ ላይ ካልተሳካ፣ የትኛው ላይ እንደሆነና በእጅ ሲያያይዙ የሚመጣውን የስህተት ቁጥር ጽፈው ይላኩልኝ፤ ያለ ቁጥሩ ከዚህ በላይ መናገር ግምት ይሆናል።